ከፍለን ከገባን በኋላ አይነገረን፦ ለምህንድስና ኮሌጁ ዲን ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ የምህንድስና ኮሌጁ ዲን

ግልባጭ፦ ለዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር፣ ለትራንስፈር አድሚሽን ቢሮ፣ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ

ጉዳዩ፦ በኮሚኒቲ ኮሌጅ የወሰድናቸው የስታቲክስና የሰርኪዩት ኮርሶች ክሬዲት መሰረዙን ይመለከታል

ክቡር ዲን፣

አክብሮታዊ ሰላምታችንን እናስቀድማለን።

እኛ በሜሪላንድ ኮሚኒቲ ኮሌጆች ምህንድስና ጀምረን በዚህ ፎል ወደ እርስዎ ኮሌጅ የተዛወርን ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች ነን። የደብዳቤው እንግሊዝኛ ቅጂ ለቢሮዎ ገብቷል። በአማርኛም የምናወጣው የዲፖዚቱን (የቦታ ማስያዣውን) ገንዘብ የከፈሉልን ወላጆቻችን ስለሆኑ ነው። ታናናሾቻችንም አሁን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብተው ያንኑ መንገድ ጀምረዋል። እኛ ላይ የደረሰውን እነሱም፣ ወላጆቻቸውም አውቀው መዘጋጀት አለባቸው። የዩኒቨርሲቲውን ስም እዚህ አልጻፍንም። እንዲስተካከልልን ነው የምንፈልገው፤ ስም ማጥፋት ዓላማችን አይደለም።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ እናስረዳ። ኮሌጅዎ በጁላይ ወር አንድ ውሳኔ አሳለፈ። በኮሚኒቲ ኮሌጅ የተወሰደ ስታቲክስ (በማይንቀሳቀሱ አካላት ላይ የሚያርፉ ኃይሎችን የሚያስተምረው) እና የመጀመሪያው የሰርኪዩት (የኤሌክትሪክ ዑደት) ኮርስ ከእንግዲህ እንደ ሜጀር፣ ማለትም እንደ ዋና የትምህርት ዘርፍ ኮርስ አይቆጠሩም፤ ‹አጠቃላይ ኤሌክቲቭ› (የምርጫ ኮርስ) ብቻ ይሆናሉ ተባለ። ክሬዲቱ በትራንስክሪፕታችን ላይ አለ። ለዲግሪው ግን ምንም አያደርግልንም። ውሳኔው ከዚህ ፎል ጀምሮ በሚገባ የትራንስፈር ተማሪ ሁሉ ላይ ነው የተፈጸመው። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በፊት በቀድሞው ደንብ ጀምረን በነበርነውም ላይ ማለት ነው።

አብዛኞቻችን ኮሚኒቲ ኮሌጅ የገባነው ሌላ ቦታ የሚቀበለን ጠፍቶ አይደለም። ቤተሰቦቻችን በዲቪ መጥተው፣ ወይም ዘመድ አምጥቷቸው፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላይ ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ናቸው። እናቶቻችን ሆም ኬር ይሠራሉ። አባቶቻችን ፓርኪንግ ይሠራሉ፣ ታክሲና ኡበር ይነዳሉ። ከቤት እየተመላለሱ ሁለት ዓመት በርካሽ መማር፣ ከዚያ ተዛውሮ መጨረስ፣ ለእንደኛ ያለ ቤተሰብ የሚያዋጣው ይሄ ነው። ግዛቱም፣ ኮሌጆቹም፣ የእርስዎም ዩኒቨርሲቲ ተወካዮች በየትራንስፈር ቀኑ ጠረጴዛ ዘርግተው የመከሩን ይህንኑ ነው። እኛም አምነን ገባንበት።

የመጀመሪያው ቅሬታችን ጊዜውን ይመለከታል። ኮሌጁ ደንቡን የመቀየር መብት እንዳለው እናውቃለን። የትኛው ኮርስ ይበቃል፣ የትኛው አይበቃም የሚለውን መምህራኑ ይወስኑ፤ እዚያ ውስጥ አንገባም። ነገር ግን ውሳኔው የመጣው የቅበላ ደብዳቤ ከተሰጠን፣ ዲፖዚት ከከፈልን፣ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የሰጡንን ዕድል ‹እናመሰግናለን፣ አንመጣም› ብለን ከመለስን በኋላ ነው። ያኔ ወደየት እንሂድ? በኢሜይል የነገረን የለም። አብዛኞቻችን ያወቅነው ኦገስት ላይ ክላስ ልንመዘገብ ፖርታሉን ስንከፍት ነው። ቀድሞ የኮርሱ ስም የነበረበት መስመር ላይ ‹ኤሌክቲቭ› የሚል ቃል ተቀምጧል። ቀጣዩን ኮርስ ስንጫን ‹ፕሪሬኩዚት (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) አልተሟላም› ብሎ ይመልሰናል።

ከመካከላችን አንዷ ከሁለት ዓመት በፊት በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ላይ የነበረውን የኮርስ ማመሳከሪያ ሰንጠረዥ አትማ አስቀምጣዋለች። በግራ የኮሚኒቲ ኮሌጁ ኮርስ፣ በቀኝ የእናንተ ኮርስ ነው የተጻፈው። ስታቲክስ ለስታቲክስ፣ 3 ክሬዲት ለ3 ክሬዲት። አንድ ኮርስ ባለፈች ቁጥር ጎኑ ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጋበታለች። ካልኩለስ አንድ፣ ሁለትና ሦስት፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽን፣ በመጨረሻም ስታቲክስ። ምልክት ያልተደረገበት መስመር የለም። ወረቀቱን የእርስዎ ተቋም ነው ያወጣው። እሷ የተባለችውን አንድ ሳታስቀር ፈጽማለች። ወረቀቱን ያወጣው ወገን ነው ቃሉን ያጠፈው።

ሁለተኛው ቅሬታችን የ‹አንድ ኮርስ ነው፣ ድገሙት› አስተያየት ነው። ከአድቫይዘሮችዎ ይህን ደጋግመን ሰምተናል። ምህንድስናን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ማለት አልነበረበትም። ኮርሶቹ የተያያዙ ናቸው። ሲቪል ምህንድስና ላይ ስታቲክስ ሳያልፉ መካኒክስ ኦፍ ማቴሪያልስ አይወሰድም። እሱ ሳይወሰድ ስትራክቸራል አናሊስስ የለም። ከዚያ በኋላ ነው የኮንክሪትና የብረት ዲዛይን የሚመጣው። የመጨረሻው ዓመት ፕሮጀክት ደግሞ ከሁሉም ኋላ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጡ አሉ። ስለዚህ የታችኛው ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ሲገፋ የላይኛው በዓመት ይገፋል። ኤሌክትሪካል የሚማሩት ጓደኞቻችንም እንደዚሁ ናቸው። የመጀመሪያው ሰርኪዩት ከሌለ ኤሌክትሮኒክስም፣ ሲግናልስም አይከፈትላቸውም። ለወላጆቻችን ግልጽ እንዲሆን፦ ልጃችሁ በሁለት ዓመት ይጨርሳል ተብላችሁ ነበር፤ አሁን ሦስት ዓመት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጉዳይ በዝርዝር እናንሳ። ከላይ የጠቀስናት ተማሪ ስታቲክስን በኮሚኒቲ ኮሌጅ በኤ አልፋለች። ይግባኝ ስትል ሲላበስ (የኮርሱን ዝርዝር ይዘት) አምጪ ተባለች፤ አመጣች። የሁለቱን ኮርሶች ሲላበስ ላይብረሪ ውስጥ ጎን ለጎን ዘርግተን አብረን አየነው። የመማሪያ መጽሐፉ አንድ ነው፣ እትሙም አንድ። ኃይሎችን በቬክተር መደመር፣ ፍሪ ቦዲ ዳያግራም፣ ሚዛን በሁለትና በሦስት አቅጣጫ፣ ትረስ፣ ፍሪክሽን፣ ሴንትሮይድ፣ ሞመንት ኦፍ ኢነርሺያ። ምዕራፎቹ አንድ በአንድ ይገጥማሉ። እንዲያውም የኮሚኒቲ ኮሌጁ የኬብልን ኃይል የሚያሰላውን ክፍል ጨምሮ ያስተምራል፤ የእናንተ ይዘለዋል። ይህም ብቻ አይደለም። ኮርሱን ያስተማሯት መምህር በትርፍ ሰዓት እዚህ ኮሌጅዎ ውስጥም ያንኑ ኮርስ ያስተምራሉ። ያው ሰው፣ በዚያው መጽሐፍ፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ በሁለት ግቢ። በአንዱ ግቢ የሰጡት ኤ ይቆጠራል፤ በሌላው የሰጡት አይቆጠርም። እንዴት እንዲህ ሊሆን እንደቻለ ብንጠይቅ እስከ ዛሬ የመለሰልን የለም።

ልጅቷ አሁን ያንኑ ኮርስ ደግማ እየተማረች ነው። የምታውቀውን ትረስ እንደገና ትፈታለች። ለዚያውም በዩኒቨርሲቲው ዋጋ ከፍላ።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ፤ ሦስተኛው ቅሬታችን እሱ ነው። የፔል ግራንት፣ ማለትም የማይመለሰው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ፣ ዕድሜ ልክ ገደብ እንዳለው ያውቃሉ፤ በድምሩ 12 ሙሉ ሴሚስተር ነው። ከእኛ ውስጥ እንግሊዝኛ ከታች ጀምረው፣ ከዚያ መሰናዶ ሒሳብ ወስደው የመጡ አሉ። የገደባቸውን ትልቁን ክፍል ገና ኮሚኒቲ ኮሌጅ እያሉ ነው የጨረሱት። በዓመት እስከ 7,395 ዶላር የሚደርስ ግራንት ለአንድ የፓርኪንግ ሠራተኛ ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልገንም። አንድ ተጨማሪ ዓመት ሲመጣ ግራንቱ መሃል መንገድ ላይ ያልቅና ቀሪው ብድር ይሆናል።

ሌላም አለ። የፌዴራል እርዳታ የሚሰላው ለዲግሪው በሚቆጠሩ ክሬዲቶች ነው። አንድ ወንድማችን ሌሊት ጋራዥ ይሠራል፣ ቀን ይማራል። ስታቲክሱ ስለተሰረዘበት በዚህ ሴሚስተር ሊመዘገብባቸው የሚችሉ የሜጀር ኮርሶች ጥቂት ብቻ ሆኑ። ሙሉ ጊዜ ተማሪ ለመባል 12 ክሬዲት ያስፈልገዋል። አድቫይዘሩ ‹በኤሌክቲቭ ሙላው› አለው፤ ሞላው። ሴሚስተሩ ከተጀመረ በኋላ የፋይናንሻል ኤይድ ቢሮው ጠራውና ኤሌክቲቮቹ ለዲግሪህ ስለማይቆጠሩ እንደ ሙሉ ጊዜ ተማሪ አትታይም አለው። ግራንቱ ተቀነሰ፤ ያልተከፈለ ቀሪ ሂሳብ መጣበት። ቀሪ ሂሳብ ያለበት ተማሪ ደግሞ ለስፕሪንግ መመዝገብ አይችልም። ይህ ልጅ ምን አጠፋ? ሁለት የአንድ ዩኒቨርሲቲ ቢሮዎች ሳይነጋገሩ የሰጡትን ምክር በየተራ ፈጸመ፤ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። አሁን አባቱ የተጨማሪ ሰዓት ሥራ እየለመኑ ነው።

አራተኛው ከአገር ቤት ትምህርት ይዘው የመጡትን ይመለከታል። ከመካከላችን ኢትዮጵያ ውስጥ ምህንድስና ሁለትና ሦስት ዓመት ተምረው ሳይጨርሱ የመጡ አሉ። ኮሚኒቲ ኮሌጁ ትራንስክሪፕታቸውን በታወቀ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሞ የሒሳብና የፊዚክስ ኮርሶቻቸውን ተቀብሏቸዋል። በዚያ ላይ ቆመው ከፍተኛዎቹን ኮርሶች ወስደው አልፈዋል። ወደ እናንተ ሲመጡ ግን ግምገማው እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ትራንስክሪፕቱን የመጀመሪያው ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ይላክ፤ የእያንዳንዱ ኮርስ ዝርዝር መግለጫ ይምጣ፤ በማኅተም ይረጋገጥ ተባሉ።

ይህ ጥያቄ በሰላም ጊዜም ከባድ ነው። አገር ቤት ያለ ዘመድ ሥራ አስፈቅዶ፣ ከከተማ ከተማ ተጉዞ፣ ከቢሮ ቢሮ ደጅ ጠንቶ ነው የሚያገኘው። ከሰሜን ለመጡት ደግሞ ከዚህም የባሰ ነው። መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ጦርነቱ በኖቬምበር 2020 ከተጀመረ በኋላ ለረጅም ጊዜ ትምህርት አቋርጦ ነበር። ወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በ2021 ተዘርፏል፣ ንብረቱም ወድሟል። ከእነዚህ አካባቢዎች የመጣን ተማሪ ‹የ2ኛ ዓመት የካልኩለስ ኮርስ መግለጫህን በማኅተም አምጣ› ማለት አይገኝም የሚባለውን ነገር መጠየቅ ነው። ልጁ ካልኩለስ ሦስትንና ዲፈረንሺያል ኢኩዌሽንን እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ አልፏል። ካልኩለስ አንድን ሳያውቅ እንዴት እዚያ ደረሰ? ወረቀቱ ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። ዕውቀቱ ግን አለ፤ በአንድ ከሰዓት ፈተና ማረጋገጥ ይቻላል። ፈተና ስጡን ብለን ጠይቀን እንዲህ ያለ አሠራር የለንም ተባልን።

ስለ ይግባኙ ረጅም ነገር አንጽፍም። ቅጹን የሚቀበለው አንዱ ቢሮ ነው፣ የሚወስነው ሌላው፤ መልስ መቼ እንደሚሰጥ የተጻፈ ነገር የለም። የብዙዎቻችን መልስ የመጣው ኮርስ መጨመርና መቀነስ የሚቻልበት ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። መልሱም አንድ መስመር ብቻ ነው፦ ‹ተመጣጣኝ አይደለም›። በምን እንደማይመጣጠን አልተጻፈም። እዚህ ላይ በ2021 በሜሪላንድ የወጣውን የትራንስፈር ሕግ እናስታውስዎታለን። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሌላ የመንግሥት ኮሌጅን ክሬዲት አልቀበልም ሲል ምክንያቱን እንዲገልጽ፣ ለግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽንም እንዲያሳውቅ ሕጉ ያዛል። ክሬዲታችንን ‹ኤሌክቲቭ› ብሎ መቀበል ከዚህ ግዴታ ማምለጫ መሆን የለበትም። ለዲግሪ የማይቆጠር ክሬዲት ለእኛ እንደተከለከለ ክሬዲት ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ እንግባ። ከኮሌጅዎ በቃል የተሰጠን ምክንያት ‹ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች በመካኒክስ ኮርሶች ይቸገራሉ› የሚል ነው። ይህን በቀላሉ አናልፈውም፤ ክብራችንን ይነካል።

የተዛወረ ተማሪ በመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቱ ትንሽ ዝቅ ማለቱ በዘርፉ የታወቀ ነገር ነው። ተመራማሪዎች ‹ትራንስፈር ሾክ› ይሉታል። ግቢው አዲስ ነው፣ ክላሱ ትልቅ ነው፣ የጥናት ጓደኛ ገና የለም፤ አብዛኛው ተማሪ ከዚያ በኋላ ያገግማል። የጃክ ኬንት ኩክ ፋውንዴሽን በ2019 ባወጣው ጥናት ተማሪ መርጠው በሚቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የተዛወሩት ተማሪዎች በቀጥታ ከሃይስኩል ከገቡት እኩል ወይም በተሻለ መጠን እንደሚመረቁ አሳይቷል። የእናንተ ኮሌጅ መረጃ ከዚህ የተለየ ከሆነ ያሳዩን። ከየትኛው ኮሌጅ የመጣ፣ ስታቲክስን በምን ውጤት ያለፈ፣ ቀጣዩን ኮርስ እንዴት እንደሠራ፣ የተማሪ ስም ሳይኖርበት ማውጣት ይቻላል። በሲ ማይነስ ያለፈውንና በኤ ያለፈውን አንድ ላይ ጨፍልቆ ‹ይቸገራሉ› ማለት ግን መረጃ አይባልም።

አክሬዲቴሽኑ (የፕሮግራሙ የጥራት ዕውቅና) አይፈቅድም የሚል ነገርም ሰምተናል። መስፈርቱን አንብበነዋል። ኤቤት የሚባለው የምህንድስና ፕሮግራሞች አክሬዲቴሽን ሰጪ አንድ ፕሮግራም የትራንስፈር ተማሪዎችን የሚቀበልበትና ሌላ ቦታ ለተወሰደ ኮርስ ክሬዲት የሚሰጥበት ደንብ እንዲኖረው፣ ደንቡንም እንዲያስከብር ይጠይቃል። የኮሚኒቲ ኮሌጅ ስታቲክስን አትቀበሉ የሚል ነገር የለበትም። ደንብ ይኑራችሁ፣ በደንቡም ኑሩ ነው የሚለው። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የፌዴራሉ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2004 እስከ 2009 ባለው ጊዜ ከአንድ ኮሌጅ ወደ ሌላው የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ የሚሆነውን ክሬዲታቸውን እንዳጡ ገምቷል። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ከሚጀምሩት ውስጥ ባችለር ላይ መድረስ የሚፈልጉት 80 በመቶ ያህል ናቸው። በ6 ዓመት ውስጥ የሚደርሱት ግን በ2024 የወጣው የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የኮሚኒቲ ኮሌጅ ጥናት ማዕከልና የአጋሮቹ ጥናት እንደሚለው 16 በመቶ ገደማ ብቻ ናቸው። ልዩነቱ ሁሉ የተማሪ ስንፍና ነው ብለን አናምንም። ስፕሪንግ ላይ መቀጠል ያቃተውን የጋራዡን ወንድማችንን ስናይ ቁጥሩ ከየት እንደሚመጣ ይገባናል።

ሌላ ቦታ ደግሞ ይቻላል። ፍሎሪዳ ውስጥ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኮርስ ቁጥር አላቸው፤ በዚያ ቁጥር የተወሰደ ኮርስ ሲዛወር ይቆጠራል። ካሊፎርኒያ ውስጥ አሲስት የሚባል ድረ ገጽ አለ። ተማሪው ኮሚኒቲ ኮሌጁን፣ የሚሄድበትን የመንግሥት ዩኒቨርሲቲና ሜጀሩን ሲመርጥ የትኛው ኮርስ በየትኛው ፈንታ እንደሚቆጠር በትምህርት ዓመት ተለይቶ ይመጣለታል። ጎረቤታችን ቨርጂኒያ ውስጥም ኮሚኒቲ ኮሌጆቹ ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር የተፈራረሙት የተረጋገጠ ቅበላ ስምምነት አለ። እነዚህ ግዛቶች የምህንድስና ጥራታቸው ወርዶ አላየንም።

ክቡር ዲን፣ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

በመጀመሪያ፣ የጁላዩ ውሳኔ በእኛ ላይ እንዳይፈጸም። ተማሪው ኮሚኒቲ ኮሌጅ በጀመረበት ዓመት በሥራ ላይ የነበረው ሰንጠረዥ እስኪጨርስ ድረስ ይጽናለት። የእናንተ የራሳችሁ ፍሬሽማን በገባበት ዓመት ካታሎግ ነው የሚመረቀው። ለእኛም እንዲሁ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የስፕሪንግ ምዝገባ ተከፍቷልና ይህ አስቸኳይ ነው። ስታቲክስን ወይም ሰርኪዩትን በሲ ወይም ከዚያ በላይ ያለፈ ተማሪ ወደ ቀጣዩ ኮርስ እንዲገባ በዲን ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ይከፈትለት። ክላስ ከሞላ በኋላ የሚሰጥ ፈቃድ አይጠቅመንም። አሁን ኮርሱን እየደገሙ ላሉት ደግሞ የተከፈለው ገንዘብ ይመለስላቸው።

ሦስተኛ፣ ከእንግዲህ ለሚመጡት፣ የክሬዲት ግምገማው ዲፖዚት ከመከፈሉ በፊት በጽሑፍ ይሰጥ። የትኛው ኮርስ ለሜጀሩ እንደሚቆጠር፣ የትኛው እንደማይቆጠር፣ ለመመረቅ ስንት ሴሚስተር እንደሚቀር ይገለጽበት። ኃላፊነት የሚወስድ ሰው ይፈርምበት። ደንብ መቀየር ሲያስፈልግም ቢያንስ ሁለት ዓመት ቀድሞ ለኮሚኒቲ ኮሌጆቹ ይነገር።

አራተኛ፣ ኮሌጁ የአንድን ኮርስ ይዘት ሲጠራጠር፣ ወይም ተማሪው ሰነድ ማግኘት ሳይችል ሲቀር፣ ሴሚስተሩ ከመጀመሩ በፊት የሚሰጥ የመመዘኛ ፈተና ይኑር። እንፈተናለን። ከአገር ቤት ለመጡት ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

አምስተኛ፣ ለይግባኝ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ፣ ከነምክንያቱ መልስ ይሰጥ። ክሬዲቱን የሚወስነው ቢሮና የገንዘብ እርዳታውን የሚያሰላው ቢሮ ለአንድ ተማሪ አንድ ቃል እንዲናገሩም ይደረግ። ቢሮዎቹ ባለመነጋገራቸው ግራንቱ የተቀነሰበት ወንድማችን ሂሳብ ታይቶ የምዝገባ እገዳው ይነሳለት።

የስፕሪንግ ምዝገባ ከመዘጋቱ በፊት እርስዎ ባሉበት እንድንሰበሰብ እንጠይቃለን። ሲላበሶቹን፣ የቀድሞውን ሰንጠረዥና የይግባኝ መልሶቹን ይዘን እንመጣለን። በሁለቱም ግቢ የሚያስተምሩትን መምህርም እንዲጋብዙልን እንፈልጋለን፤ ኮርሱን ከእሳቸው በላይ የሚያውቀው የለም። ወላጆቻችንም መገኘት ይፈልጋሉ፤ ማስተርጎሙን እኛው እናደርገዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣

ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የተዛወሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን የምህንድስና ተማሪዎች ተወካይ፣
የሲቪል ምህንድስና ተማሪ